ከየመን ወደ ድሬዳዋ፦ የአንድ ስደተኛ ቤተሰብ ታሪክ ከወረቀት፣ ከመቃብርና ከአረጋውያን አፍ እንዴት ተሰበሰበ

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ባቡር ስለመጣ ነው፤ ባቡሩን ተከትለው የሰፈሩት የየመን፣ የግሪክ፣ የአርመንና የሕንድ ሰዎችም ከከተማዋ ቀደምት ነዋሪዎች መካከል ናቸው። የእናቴ አባት ከየመን መጥተው በዚያች ሜዳ ላይ ጎጆ ከቀለሱት አንዱ ነበሩ። የእርሳቸውን ታሪክ ለመሰብሰብ የተነሳነው በናፍቆት ሳይሆን ቸግሮን ነው። በ2007 ዓ.ም. የመን በጦርነት ስትታመስ፣ ከአብዮቱ በኋላ ወደዚያ ተሻግረው የነበሩት የአጎቶቼ ልጆች ሁሉን ጥለው ባሕሩን አቋረጡና በኦቦክ በኩል ጅቡቲ፣ ከዚያም ድሬዳዋ ገቡ፤ አያታቸው ኢትዮጵያዊት እንደነበሩ ግን በቃል እንጂ በጽሑፍ የሚያስረዱበት አንድም ነገር በእጃቸው አልነበረም። እኛም እዚህ የቀረነው ብዙ የሚወራ ታሪክ እንጂ የሚታይ ማስረጃ አልነበረንም። ከዚያ በኋላ ያለፍንበት መንገድ ረጅምና አታካች ስለነበር፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ያለባቸው ቤተሰቦች እንዲያጥርላቸው በማሰብ ያየሁትን አስቀምጣለሁ።

በቤተሰባችን ውስጥ ሁለት ታሪኮች ነበሩ። የትልቁ አጎቴ ልጆች አያታችን ከመጀመሪያው ባቡር ጋር ድሬዳዋ እንደደረሱ ሲናገሩ፣ የሁለተኛው አጎቴ ልጆች ደግሞ ሐዲዱን እየዘረጉ አዲስ አበባ ድረስ እንደሄዱና በኋላ ወደ ድሬዳዋ እንደተመለሱ ይናገሩ ነበር። ሁለቱም ወገን ታሪኩን እንደ ርስት ይዞት ስለነበር፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ቃል መወራወር የተለመደ ነበር። ይህን የመሰለ ክርክር በየቤቱ እንዳለ አውቃለሁ። ክርክሩን በዕድሜ ወይም በጉልበት ለመፍታት ከመሞከር ይልቅ፣ ከቤተሰቡ ውጭ ባለና ማንም በማይከራከርበት የታሪክ መስመር መለካት ይሻላል። ለድሬዳዋ ይህ መስመር ራሱ ሐዲዱ ነው።

ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን፣ ሥራው ከጅቡቲ የተጀመረው በ1897 ነው። ሐዲዱ ሐረር ከተማ ድረስ እንዳይወጣ ተራራው አስቸገረ፤ በመሆኑም ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ ላይ አዲስ ጣቢያ ተመሠረተ፤ በመጀመሪያም አዲስ ሐረር ተባለ። ባቡሩ እዚያ የደረሰው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1902፣ በእኛ አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ግን ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ከሰረና ሐዲዱ ለዓመታት ድሬዳዋ ላይ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1908 አዲስ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ኩባንያ ሥራውን ተረከበ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917፣ ማለትም በ1909 ዓ.ም. ነው። ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት ይህ የመሃል ጊዜ ይመስለኛል። የመስመሩ መጨረሻ ስለነበረች የሐረር ቡናና ቆዳ በግመልና በበቅሎ ወርዶ ከዚያ ይጫን ነበር፤ የባቡሩ ሠራተኛ፣ ነጋዴው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ውኃ ተሸካሚው ሁሉ ደቻቱ ወንዝ ዳርና ዳር ላይ ሰፈረ፤ በአንድ በኩል ፈረንሳዮቹ በቀጥታ ጎዳናዎች የነደፉት ከዚራ፣ በሌላ በኩል ጠመዝማዛ ጉራንጉር ያለው መጋላ ተፈጠረ።

ይህን የዓመታት ቅደም ተከተል በአንድ ወረቀት ላይ አስፍረን ግድግዳ ላይ ከለጠፍን በኋላ ነው የቤተሰቡ ክርክር መልክ የያዘው። ሁለተኛው አጎቴ ለዘመናት እንደ ዋና ማስረጃ ያቆዩት በፈረንሳይኛ የተጻፈ አንድ የሥራ ወረቀት ነበር፤ በላዩ ላይ የአያታችን ስምና 1909 የሚል ዓመት ይታያል። ባቡሩ በ1909 አዲስ አበባ መድረሱን ሁሉም ስለሚያውቅ፣ ወረቀቱ የአዲስ አበባ ሥራቸውን ያረጋግጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ነገር ግን ወረቀቱን ያወጣው የፈረንሳዮች ኩባንያ በመሆኑ ዓመቱም የፈረንጅ ነው፤ በእኛ 1901 ወይም 1902 መሆኑ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ሐዲዱ ገና ከድሬዳዋ አላለፈም። አንድ ቁጥር በተሳሳተ አቆጣጠር መነበቡ የስምንት ዓመት ያህል ታሪክ ፈጥሮ ነበር። በዚህ የመጀመሪያውን ባቡር የሚሉት ያሸነፉ መሰላቸው፤ ይሁን እንጂ ወረቀቱ አያታችን እ.ኤ.አ. በ1909 በድሬዳዋ ሠራተኛ እንደነበሩ ከማሳየት በስተቀር በ1895 ዓ.ም. መምጣታቸውን አያስረዳም። ማስረጃ እስከሚናገርበት ድረስ ብቻ ማናገር ከሁሉም ከባዱ ነገር ነው፤ በተለይ የሚያስደስተን ነገር ከፊቱ አንድ እርምጃ ርቆ ሲታይ።

ስለዚህ እንደኛ ዓይነት ቤተሰብ ያላችሁ ሁሉ፣ ዓመት ባያችሁ ቁጥር በመጀመሪያ ወረቀቱን ማን እንደጻፈው ጠይቁ። የኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ በዓመተ ምሕረት፣ የኩባንያ ወይም የቆንስላ ከሆነ በፈረንጅ፣ ቃዲ ወይም የመስጊድ ሰው ከሆነ በሒጅራ ሊሆን ይችላል። ሒጅራ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ዓመቱ በጨረቃ ስለሚቆጠር ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል፤ ስለዚህ 622 ደምሮ የፈረንጅ ዓመት ማግኘት አይቻልም። በአያታችን መቃብር ድንጋይ ላይ የተቀረጸው 1366 ነው። አንድ ዘመዳችን 622 ደምሮ 1988 ብሎ ስላገኘ ድንጋዩ የሌላ ሰው ነው ብሎ ደምድሞ ነበር። ትክክለኛው ስሌት ግን እ.ኤ.አ. ከ1946 መጨረሻ እስከ 1947 መጨረሻ ያለውን ጊዜ ይሰጣል፤ ይህም አብዛኛው በእኛ 1939 ዓ.ም. ላይ የሚያርፍ ሲሆን አክስቴ ከምታስታውሰው ጋር ይገጥማል። ሦስቱን አቆጣጠሮች የሚያዛምድ ሰንጠረዥ አትማችሁ ከእጃችሁ አትለዩት፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ግን ምንጊዜም እንደተጻፈው ገልብጣችሁ፣ ያሰላችሁትን ከጎኑ አስቀምጡ።

አረጋውያንን መጠየቅ ብዙ ሰው ቀላል የሚመስለው ሥራ ነው። ዓመት መጠየቅ ግን ከንቱ ነው። አክስቴን «በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለድሽ?» ብላት፣ መታወቂያዋ ላይ በግምት የተጻፈውን ትነግረኛለች። «ጣሊያን ሲገባ የት ነበራችሁ?» ስላት ግን፣ «እናቴ ወንድሜን አዝላ ወደ ሐረር ሸሸች አሉ፤ እኔ ገና አልተወለድኩም፤ ከእርሱ ቀጥዬ ነው የመጣሁት» አለችኝ። በዚህች ዓረፍተ ነገር ወንድሟ በ1928 ዓ.ም. ገና ጡት የሚጠባ ሕፃን እንደነበር፣ እርሷ ደግሞ ከዚያ በኋላ እንደተወለደች ታወቀ። በዚያ አካባቢ የሚጠቅሙ ሌሎች ምልክቶች የ1911ዱ የኅዳር በሽታ፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የወረዱበት መስከረም 1909፣ እንግሊዞች በ1933 ድሬዳዋን የያዙበት ጊዜና አብዮቱ ናቸው። ልደትን፣ ሰርግንና ሞትን ከእነዚህ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብላችሁ ጠይቁ።

አረጋውያኑን አንድ ላይ ሰብስቦ መጠየቅም አይበጅም። ታላቅየው ወንድም ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ ሴቶቹማ ሻይ ሲያቀርቡ ያመሻሉ። እኛ ቤት ዋናውን ነገር የነገሩን ሴቶቹ ናቸው፤ ለየብቻቸው፣ በኩሽና ወይም ጫት በማይቃምበት ሰዓት ሲጠየቁ። ድምፅ ለመቅዳት አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ «ይህን አትቅዳው» የተባለውን በእውነት አትቅዱ፤ ምክንያቱም በዚያ ቤት ለሁለተኛ ጊዜ የምትቀበሉት መልስ በመጀመሪያው እምነት ላይ የተመሠረተ ነው።

ቀን የሌላቸው ወረቀቶችም ብዙ ጊዜ በውስጣቸው ሰዓት አላቸው፤ እርሱም የገንዘቡ ስም ነው። በማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር የተጻፈ የጥሎሽ ወይም የብድር ወረቀት ሰፊ ዘመን ስለሚይዝ ብዙም አይረዳም። ሊሬ ከሆነ ግን ከጣሊያን ወረራ ዓመታት ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ወይም ከዚያ ብዙ ያልራቀ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ከሆነ እንግሊዞች ከገቡ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ብር በ1937 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ መፈለግ አለበት። ከዓደን የመጡ ደብዳቤዎች ላይ ሩጲ ካያችሁ አትደነቁ፤ ዓደን እስከ 1937 እ.ኤ.አ. ድረስ ከብሪታንያ ሕንድ ትተዳደር ስለነበር የሕንድ ሩጲ ከዚያም በኋላ እስከ 1951 ድረስ ይሠራበት ነበር። በዚህ ዘዴ ብቻ ከአንድ የቆርቆሮ ሳጥን የወጡ ደብዳቤዎችን በቅደም ተከተል ለመደርደር ችለናል።

ለአጎቶቼ ልጆች የሚያስፈልገው ግን የአያታችን ሳይሆን የሴት አያታችን ማንነት ነበር፤ በወረቀት ላይ የጠፉትም እርሳቸው ናቸው። ሴት አያታችን ከሐረር አካባቢ ገጠር የመጡ ኦሮሞ ናቸው። በጎረቤት ዘንድ በበኩር ልጃቸው እናትነት ይጠሩ ስለነበር፣ የራሳቸውን ስም የሚያውቁ የልጅ ልጆች ጥቂት ነበሩ፤ የአባታቸውን ስም የሚያውቅ ደግሞ አልነበረም። የኩባንያው ወረቀት ባልየውን ብቻ ይመዘግባል፤ የቆንስላ ወረቀትም እንዲሁ። ስደተኛ ወንድ በአዲስ ከተማ ቤት ሲመሠርት አገሩን የሚያስተዋውቀው፣ ቋንቋውን የሚያስተምረውና ዘመድ የሚያበጅለት የአገሬው ሚስት ሆና ሳለ፣ ታሪኩ ሲጻፍ «አግብቶ ልጆች ወለደ» በሚል ሐረግ ትታለፋለች። ይህ እኔን እስካሁን ያናድደኛል።

መፍትሔው የተገኘው ካልጠበቅነው ቦታ ነው። አያታችን ሲሞቱ የውርስ ክፍፍል በሸሪዓ ፍርድ ቤት ተደርጎ ነበር። በእስልምና ሕግ ለእያንዳንዱ ወራሽ ድርሻ ስለሚወሰን፣ የውርስ ውሳኔ ሚስቶችንና ሴት ልጆችን ሳይቀር በስም መዘርዘር ግድ ይለዋል። የውሳኔው ግልባጭ ከታናሽ አክስቴ ዘንድ፣ በቁርኣን ጨርቅ ተጠቅልሎ ተገኘ። ሴት አያታችን በዚያ ላይ ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ስም፣ ከነትውልድ ቀያቸው ተጽፈዋል። የሙስሊም ቤተሰብ ታሪክ የምትፈልጉ ሁሉ ከፎቶና ከደብዳቤ በፊት የውርስ፣ የኒካህና የፍቺ ወረቀት ፈልጉ። ወረቀቱን ደግሞ ብዙውን ጊዜ የያዘው ታላቁ ወንድ ልጅ ሳይሆን በክፍፍሉ ያነሰ ድርሻ የደረሳት ሴት ልጅ ናት፤ የተጻፈላትን ትጠብቃለችና።

ያው ውሳኔ ሌላ ነገርም አመጣ። ከወራሾቹ መካከል በየመን ያሉ አንዲት ሚስትና ልጆቿ ተዘርዝረዋል። አያታችን እዚያም ትዳር እንደነበራቸው የሚያውቁት አረጋውያኑ ብቻ ነበሩ። በየመንና በኢትዮጵያ መካከል ይመላለሱ ለነበሩ ወንዶች ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ለእኛ ትውልድ ግን ድንጋጤ ሆነ፤ ገጹን ደብቀን እንለፈው ያሉ ዘመዶችም ነበሩ። በኋላ የተስማማነው ውሳኔው እንዳለ እንዲቀመጥ፣ በየመን ያሉትም ወንድሞቻችን መሆናቸው እንዲጻፍ፣ በሕይወት ያሉ ሰዎችን የግል ጉዳይ የሚመለከተው ግን ከሚሰራጨው ጽሑፍ እንዲቀር ነው። ታሪክ ስትሰበስቡ ደስ የማይል ነገር መውጣቱ አይቀርም፤ ምን እንደሚጻፍ ከመውጣቱ በፊት፣ ስሜት ሳይነሳ ተነጋግራችሁ ብትወስኑ ከብዙ ኩርፊያ ትድናላችሁ።

የውጭ አገር መዛግብት ለመጠየቅ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ዘመዱ ከየትኛው የመን እንደመጣ ነው። ሰሜኑ እ.ኤ.አ. እስከ 1918 በኦቶማን፣ ከዚያም በኢማሞቹ አገዛዝ ሥር ነበር፤ ዓደን ከ1839 እስከ 1967 በእንግሊዝ እጅ ነበረች፣ ዙሪያዋም በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ነበር። ስለዚህ የዓደን አስተዳደር ወረቀቶች ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ከሕንድ ጽሕፈት ቤት መዛግብት ጋር ተቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1908 የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር ያሉ ሰዎች በቆንስላቸው እንዲዳኙ ይፈቅድ ስለነበር፣ የብዙ አርመንና ሶርያውያን ነጋዴዎች ጉዳይ ደግሞ ከፈረንሳይ ቆንስላ መዛግብት ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ እነዚህ በፈረንሳይ የናንት ከተማ ይቀመጣሉ። ለማንኛውም ስም ስትጽፉ በተለያየ የላቲን አጻጻፍ ደጋግማችሁ ፈልጉ፤ የፈረንሳዩ ጸሐፊ የሰማውን በራሱ ጆሮ ነው የጻፈው።

አገር ቤት ያለው ወረቀት ደግሞ ሁለት ጊዜ ክፉ ቀን አይቷል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ፣ ብዙ ቤተሰብ የካርታውንና የግብሩን ወረቀት አስረክቧል፣ ወይም «ከእንግዲህ ምን ያደርጋል» ብሎ ጥሎታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል፣ በወንዙ ዳር የነበሩ ቤቶች ከነሳጥናቸው ተወስደዋል። የቤታችሁ ወረቀት ከጠፋ፣ ቤቱ ሲወረስ የተመዘገበበትን የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤቶች መዝገብ ጠይቁ፤ የተወረሰ ቤት የቀድሞ ባለቤት ስም ያለው እዚያ ነው። ስትጠይቁ የተወረሰውን ለማስመለስ እንዳልመጣችሁ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። እኛ ይህን ሳንናገር በገባንበት አንድ ቢሮ መዝገቡ «የለም» ተባለ፤ ዓላማችን ሲገባቸው ያው መዝገብ ተገኘ።

ሕጉን በተመለከተ፣ ለአጎቶቼ ልጆች የጠቀሙት ሁለት ነገሮች ናቸው። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም እናት የተወለደን ሰው ኢትዮጵያዊ ያደርግ ስለነበር፣ የሴት አያታችን ልጆች አባታቸው የውጭ ሰው ቢሆኑም በትውልድ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ በሰፈሩ ግን «ዓረብ» ስለሚባሉ ይህን መብት ያሰበው አልነበረም። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ደግሞ ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። የውርስ ውሳኔው በሕጋዊ አስተርጓሚ ከዓረብኛ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ፣ ከምስክሮች ቃል ጋር ተያይዞ ቀረበና የአንደኛው አጎቴ ልጆች መታወቂያውን አገኙ። የሌላኛው አጎቴ ልጆች ጉዳይ ግን እስካሁን አልተቋጨም። ምክንያቱ የስም ጉዳይ ነው፤ አባታቸው የመን ሲገቡ የአያታቸውን ስም ትተው የጎሳ መጠሪያ ስለወሰዱ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሰው በውሳኔው ላይ ካለው ልጅ ጋር አንድ መሆኑን የሚያስረዳ ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል። አሁን የምንፈልገው አባትየው በድሬዳዋ የተማሩበትን ትምህርት ቤት ካርድ ነው፤ ስም ከመቀየሩ በፊትና በኋላ ያለውን ዘመን የሚያገናኝ ማንኛውም ወረቀት፣ ፎቶ ያለበት ከሆነ ደግሞ በተለይ፣ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ወርቅ ነው።

ስለ ወረቀቶቹ አያያዝ፣ ዋናውን ለአስተርጓሚም ሆነ ለቢሮ ከመስጠታችሁ በፊት ፊትና ጀርባውን በስልክ አንሱ፤ የፎቶግራፍ ጀርባ ላይ ያለች የስቱዲዮ ማኅተም ከፊቱ ምስል የበለጠ የምትናገርበት ጊዜ አለ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፣ ላሚኔትም አታስደርጉ፤ ሙጫው ቀለሙን ይበላል፣ የታሸገውም ዳግመኛ አይፈታም። ለቢሮ የሚገባው የተረጋገጠ ግልባጭ ይሁን። የጻፋችሁትን ታሪክ ደግሞ አንዱን ቅጂ እዚያው ድሬዳዋ፣ አንዱን ከአገር ውጭ ላለ ዘመድ ስጡ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይም ማን እንደጻፈው፣ እነማን ቃላቸውን እንደሰጡና የተጻፈበትን ቀን በሦስቱም አቆጣጠር አስፍሩበት።